ዲሳቢሊቲ ላይ ያለ ሰው አይሥራ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባለነው አበሾች መካከል ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የሚሉት ባጭሩ ይኼን ነው። አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያገኝ ሰው ፓርት ታይምም ቢሆን ሥራ ከጀመረ ከሰረ። ያገኛት እያንዳንዷ ዶላር ከክፍያው ትቆረጥበታለች። መሥራት መቻሉ ብቻ ፋይሉን ያዘጋበታል። የሕክምና ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጥና ቤተሰብ ይርዳው፣ ወይ በካሽ ይሥራ፣ ካልሆነም ደሞዙን በወንድሙ ስም ያስጽፍ። ለዚህ ሁሉ ማስረጃቸው ለብዙ ሰው የሚመጣው «ከሚገባህ በላይ ተከፍሎሃል፣ መልስ» የሚል ደብዳቤ ነው።

ጽሑፉ ድፍን ውሸት ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። ግን እውነትም አለበት፤ ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሬ ሰዎች ደብዳቤ እተረጉማለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ባለፈው አንድ አባት በሳምንት 12 ሰዓት ይሠሩት የነበረውን የጥበቃ ሥራ ይኼን ጽሑፍ አንብበው እንደተዉት ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ስንት ይከፍሉዎት ነበር?» ስላቸው፣ «እሱማ ምን ዋጋ አለው ልጄ፣ ሁሉንም ይወስዱታል አሉ እኮ» አሉኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው የቀላቀሉትን እንለይ። ክፍያው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንዱ ኤስኤስአይ ነው። ገቢና ጥሪት ለሌለው አረጋዊ፣ ዓይነ ስውር ወይም አካል ጉዳተኛ ይሰጣል። የሥራ ታሪክ አይጠይቅም። መከፈል የጀመረው በ1974 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2025 ለአንድ ሰው ትልቁ የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር (ከዚህ በታች ያሉት በየዓመቱ የሚለወጡ ቁጥሮች ሁሉ የ2025 ናቸው)። ሁለተኛው ኤስኤስዲአይ ነው። ይኼ ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ሲከፍል የኖረ ሰው፣ መሥራት ሲያቅተው የሚያገኘው ነው። መጠኑ ድሮ ያገኝ በነበረው ደሞዝ ይወሰናል። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ያው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ደብዳቤያቸውም ስለሚመሳሰል፣ ሰው ቢያምታታቸው አይገርምም። ሕጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኤስኤስአይ ተቀባይ አገር ቤት ሄዶ 30 ቀን ሙሉ ከቆየ ክፍያው ይቆማል። ዜግነት ያለው የኤስኤስዲአይ ተቀባይ ግን እዚያው እያለ ይከፈለዋል። በሥራ ገቢ ላይም ልዩነታቸው እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላው ግማሽ ወስደው አንድ የሚያስፈራ ሕግ ሠርተዋል።

እሺ፣ «እያንዳንዷ ዶላር ትቆረጣለች» ወደሚለው እንሂድ።

የጋሼ ክፍያ ኤስኤስአይ ነው። የጥበቃ ደሞዛቸው ግብር ሳይነካው በወር ወደ 885 ዶላር ይመጣ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተን አብረን አሰላነው። ከ885 ላይ መጀመሪያ 20 ዶላር ይነሳል፤ ይኼ ለማንኛውም ገቢ የሚፈቀድ ነው። ቀጥሎ 65 ዶላር ይነሳል፤ ይኼኛው ለሥራ ገቢ ብቻ ነው። 800 ቀረ። ከዚህም ግማሹ ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ 400። ከ967 የሚቀነሰው ይኼ 400 ነው። ክፍያቸው 567 ይሆናል ማለት ነው። በላዩ ላይ 885 ደሞዝ ሲጨመር 1,452 ዶላር። ቁጭ ብለው ቢውሉ 967 ነበር። ልዩነቱ 485። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አይጽፉትም?» አሉ።

በዚህ ስሌት የኤስኤስአይ ክፍያ ዜሮ የሚሆነው የወር ደሞዝ 2,019 ዶላር ሲደርስ ነው። ፓርት ታይም ሠርቶ እዚያ የሚደርስ ብዙ ሰው የለም።

ጸሐፊው ያላዩት፣ እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ሕጉ ከሥራ ገቢ ይልቅ በስጦታ ላይ ነው የሚጨክነው። እኛ ደግሞ መረዳዳት ባህላችን ነው። ልጅ ለእናቱ በየወሩ 200 ዶላር በዜል ይልካል እንበል። እናት ሌላ ገቢ ከሌላቸው ከዚያ ላይ 20 ዶላር ብቻ ይነሳና 180ው እንዳለ ከኤስኤስአይ ይቆረጣል። እኚሁ እናት 200 ዶላሩን ሠርተው ቢያገኙት ግን የሚቆረጥባቸው 57 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ጸሐፊው «ሥራውን ትቶ ቤተሰብ ይርዳው» ማለታቸው እንግዲህ በስሌት ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው።

ለሥራ ሲባል የሚወጣ ወጪም አለ። በጉዳቱ ምክንያት አውቶቡስ መጠቀም የማይችል ሰው ለሥራ የሚከፍለው ታክሲ፣ የዊልቸር ጥገና፣ ከኪሱ የሚከፍለው መድኃኒት፣ ከተፈቀደለት ከደሞዙ ላይ ይነሳለታል። ለዓይነ ስውራን ደግሞ ከዚህም ይሰፋል፤ የሚከፍሉት ግብር ሳይቀር ይነሳላቸዋል። ደረሰኝ ግን ይፈለጋል። ደረሰኝ የመጣል ልማዳችን እዚህ ላይ በዶላር ያስከፍለናል።

«ልጄ ክፍያው እንዳይቆምበት የክረምት ሥራ ከለከልኩት» የሚሉ ወላጆችም ገጥመውኛል። ዕድሜው ከ22 በታች የሆነና ትምህርት ላይ ያለ ልጅ በ2025 በወር እስከ 2,350፣ በዓመት እስከ 9,460 ዶላር ሠርቶ ቢያገኝ ከኤስኤስአይ ላይ አንድ ሳንቲም አይቆጠርበትም። ልጁን ያሠሩት።

አሁን ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ኪስ የሚገባው ገንዘብ 485 ሙሉ አይሆንም። ከ885 ደሞዝ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ግብር ወደ 68 ዶላር ይወስዳል። መንግሥት ኪራዩን በሚደጉምለት በሴክሽን ኤይት ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ኪራዩ የገቢውን 30 ከመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ገቢው በ485 ሲያድግ ኪራዩ በ145 ገደማ ይጨምራል። የቀረው ወደ 270 ዶላር ነው። ፉድ ስታምፕም (የምግብ ድጎማው) ሊቀንስ ይችላል። በወር 52 ሰዓት ያህል ቆሞ ለሚሠራ አካል ጉዳተኛ ይኼ ትንሽ ነው። ትንሽ ነው ማለትና ኪሳራ ነው ማለት ግን ይለያያል።

እውነተኛ ቁጣ ከተፈለገም ቦታው ሌላ ነው። ያቺ 65 ዶላር ከ1974 ጀምሮ ያው 65 ናት። 20ዋም እንዲሁ። ክፍያው በየጃንዋሪ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይነኩም። 65ቷ ከዋጋ ንረት ጋር ብታድግ ኖሮ ዛሬ ከ400 ዶላር በላይ ትሆን ነበር። ሰው በጽሑፍ እሮሮ ማሰማት ከፈለገ በዚህ ላይ ለኮንግረስ ተወካዩ ይጻፍ። እኔም እፈርማለሁ።

ወደ «ፋይልህን ይዘጉታል» እንለፍ። ይኼ ሰውን በጣም ያስፈራል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ያንን ክፍያ ለማግኘት ዓመታት ጠብቀናል።

በኤስኤስአይ አንዴ ከተፈቀደ በኋላ ክፍያው በደሞዝ ምክንያት ይቀንሳል እንጂ ሠራህ ተብሎ ብቻ አይዘጋም። ጸሐፊው የሚያወሩት ስለ ኤስኤስዲአይ ከሆነ ደግሞ እዚያ በእርግጥ ገደል አለ። ግን የት እንዳለ ልንገራችሁ።

በኤስኤስዲአይ ሰው ሥራ የሚሞክርባቸው ዘጠኝ የሙከራ ወሮች አሉ። በ2025 ከ1,160 ዶላር በላይ የተገኘበት ወር አንድ የሙከራ ወር ተብሎ ይያዛል። በሙከራ ወሮች የፈለገውን ያህል ቢያገኝ ክፍያው ሙሉ ነው። ከ1,160 በታች የሚያገኝ ሰው ጭራሽ የሙከራ ወሩ አይነካበትም። ዘጠኙ ካለቁ በኋላ 36 ወር የሚቆይ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ደሞዝ ከ1,620 ዶላር የበለጠበት ወር ክፍያ አይኖርም፤ ገደቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ ግን ያ ወርና ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ይከፈሉታል። ደሞዝ ያነሰበት ወር ቼኩ ይመጣል፣ እንደገና ማመልከት የለም። ለዓይነ ስውር ገደቡ 2,700 ነው። አንድ ሰው በወር 1,400 ኤስኤስዲአይ እያገኘ በመኪና ማቆሚያ 1,300 ቢያገኝ ከሙከራው በኋላም ሁለቱን ይዞ ይቀጥላል፣ 2,700 ዶላር። ከ1,620 በታች ነዋ።

ገደሉ እዚህ ነው። እንደ ኤስኤስአይ ቀስ እያለ አይቀንስም። 1,610 ያገኘ ሰው ሙሉውን ይወስዳል፣ 1,630 ያገኘ ምንም። በሃያ ዶላር ልዩነት የወሩ ቼክ ይጠፋል። አለቃው «ዛሬ አንድ ሺፍት ጨምርልኝ» ሲለው እምቢ የሚል ሰው ካያችሁ ሰነፍ እንዳትሉት፤ እያሰላ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልብ ለልብ ነን። ሕጉ ሰውን ከመስመሩ በታች አጎንብሶ እንዲሠራ ያደርገዋል።

ቢሆንም ከ36ቱ ወር በኋላ ክፍያው ቢዘጋ እንኳ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው በሽታ ምክንያት ሥራው ካቃተው አዲስ ማመልከቻ ሳይጀምር እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው እስኪታይ ድረስም እስከ ስድስት ወር ጊዜያዊ ክፍያ ይሰጠዋል። ኤስኤስዲአይ ሁለት ዓመት የወሰደ ሰው ደግሞ ሥራ በመጀመሩ ብቻ የጤና ምርመራ ክለሳ አይጠራበትም፤ ሕጉ ይከለክላል።

የጸሐፊው ፍርሃት በትክክል የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ ማመልከቻው ገና ያልተፈቀደለት። እሱ በወር ከ1,620 በላይ ካገኘ፣ ኤስኤስአይም ይሁን ኤስኤስዲአይ የጠየቀው፣ «መሥራት ትችላለህ» ተብሎ ውድቅ ይደረግበታል። ጽሑፉ ይኼን ለይቶ ቢጽፍ ኖሮ ለብዙ ሰው በጠቀመ።

የሕክምና ካርዱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ግልጽ ነው። ኤስኤስዲአይ ያለው ሰው ሜዲኬሩ ከሙከራው ወሮች በኋላ ቢያንስ 93 ወር ይቆያል፣ ወደ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ኤስኤስአይ ያለው ደግሞ ደሞዙ አድጎ ክፍያው ዜሮ ቢገባ እንኳ፣ 1619 ቢ በሚባለው የሕግ ክፍል መሠረት፣ ሕክምናው እስካስፈለገውና ዓመታዊ ገቢው ስቴቱ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች እስከሆነ ሜዲኬይዱ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጠው የጤና መድን) ይቀጥላል። ጣሪያው በእኛ አካባቢ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከዚህ ሌላ ለሚሠሩ አካል ጉዳተኞች የራሳቸው የሜዲኬይድ ፕሮግራም አላቸው። «በመጀመሪያው ቼክ ካርዱ ይወሰዳል» የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

አሁን በካሽ ሥራ ወደሚለው ምክር። ይኼኛው ነው ያናደደኝ።

ካሽም ገቢ ነው። ቲፕም ገቢ ነው። ያላሳወቀ ሰው፣ ሲደረስበት፣ የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል። ሆን ብሎ የደበቀ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወር፣ ለሁለተኛ 12 ወር፣ ከዚያ 24 ወር ክፍያው ሊታገድ ይችላል፤ ከባድ ከሆነ ፍርድ ቤትም አለ። ዜግነት ለመውሰድ የሚጠብቅ ሰው ይኼ ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። አሳውቆ ቢሠራ እኮ ግማሹ ይቀርለት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

የሚያጣው ሌላም ነገር አለ። በደሞዝ ወረቀት የተሠራ ሥራ የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥብ ያስቆጥራል። በ2025 አንድ ነጥብ የሚያዘው በ1,810 ዶላር ደሞዝ ነበር፣ በዓመት እስከ አራት። በወር 604 ዶላር ገደማ፣ ማለትም በትንሽ ፓርት ታይም፣ አራቱም ይሞላሉ። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ኤስኤስአይ ለማግኘት በአብዛኛው 40 ነጥብ ይጠየቃል። ኤስኤስዲአይም ሆነ ጡረታ የሚመጣው በእነዚሁ ነጥቦች ነው። በካሽ የሠራ ሰው ወገቡን ሲያመው እጁ ላይ ምንም የለም። ሥራ ላይ ቢወድቅም አሠሪው «አላውቀውም» ቢለው የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በወንድም ስም ማስጻፉማ ይብሳል። ደብሊው ቱው (የዓመቱ የደሞዝ ማስረጃ) በወንድምዬው ስም ይወጣል፣ ግብሩ እሱ ላይ ይመጣል፣ ለልጆቹ ያገኝ የነበረው ድጋፍ ሊነካበት ይችላል። ነጥቡም የሚቆጠረው ለእሱ ነው። አንዱን ለማዳን ሁለቱን ማስጠየቅ።

ጸሐፊው በዚሁ አንቀጽ «ሠርተህስ የት ታስቀምጠዋለህ?» ይላሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ኤስኤስአይ ያለው ሰው ሊኖረው የሚችለው ጥሪት 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ነው። ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የሚታየው ወር በገባ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠመደው በእቁብ ነው። ዕጣው በ28 ይደርሰዋል፣ ስምንት ሺህ ዶላር አካውንቱ ውስጥ ያስገባል፣ ወሩ ሲጠባ ገንዘቡ እዚያው ነው። የዚያ ወር ክፍያ ሄደ። ለዚህ የተሠራ መውጫ ኤብል የሚባለው የቁጠባ አካውንት ነው፤ በ2014 በወጣ ሕግ የመጣ። እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ በኤስኤስአይ አይቆጠርም። እስከ 2025 መጨረሻ ጉዳቱ ከ26 ዓመቱ በፊት ለጀመረበት ሰው ብቻ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከ46 በፊት ለጀመረበትም ተፈቅዷል። ይኼ ለብዙ አበሻ በር ይከፍታል። ጸሐፊው አንድ ቃል አላነሱትም።

የቀረው «መልስ» የሚለው ደብዳቤ ነው። አዎ፣ ይመጣል። በጊዜው ላሳወቀ ሰውም ይመጣል። ቢሮው የተነገረውን ደሞዝ ሳያስገባ ወራት ስለሚቆይ፣ ክፍያው እንደድሮው ሲሄድ ይቆይና አንድ ቀን ሁሉም ተደምሮ ይጠየቃል። ይኼ ግፍ መሆኑን አልክድም። ግን ደብዳቤውን የሚያመጣው መሥራቱ ሳይሆን በመሥራቱና በስሌቱ መካከል ያለው መዘግየት ነው።

አንዲት እህት የደሞዝ ወረቀቶቿን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጋ ይዛልኝ መጣች። ኦክቶበር ላይ ኤስኤስአዩ ቀንሶባታል፤ በዚያ ወር ደግሞ የሥራ ሰዓቷ ተቀንሶ ነበር። «ሥራ ሲያጥረኝ ጭራሽ ቀነሱብኝ» ብላ ታለቅሳለች። ወረቀቶቹን በተራ ደረደርናቸው። የምትከፈለው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው። ኦገስት ላይ ሦስት ዓርብ ወድቆባታል፣ ሦስት ቼክ። ኤስኤስአይ ደሞዝን የሚቆጥረው በተከፈለበት ወር ነው፤ የኦገስት ገቢ ደግሞ የሚነካው የኦክቶበርን ክፍያ ነው። ስህተት አልነበረም። ማንም ግን አልነገራትም። ሦስት ቼክ የሚገባበት ወር በዓመት ሁለቴ ስለሚመጣ አሁን ካሌንደሯ ላይ አክብባዋለች።

ደሞዝ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ድረስ መነገር አለበት። በስልክም፣ በአፕም፣ በአካልም ይሆናል። ሲነገር ደረሰኝ ይጠየቅ፤ መስጠት ግዴታቸው ነው። ደብዳቤው ከመጣም ዝም አይባልም። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ከተጠየቀ ግን ውሳኔ እስኪሰጥ መቁረጥ አይጀምሩም። ጥፋቱ የእሱ ያልሆነና መክፈል የማይችል ሰው ዕዳው እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህኛው የጊዜ ገደብ የለም። ከኤስኤስአይ የሚቆረጠውም በአብዛኛው 10 ከመቶ ነው፤ ሙሉውን ወሰዱት የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም። አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ በአማርኛም። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ቁጥር ማስላት ለሚፈልግ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚደግፋቸው የሥራና የክፍያ አማካሪዎች በየስቴቱ አሉ፤ እነሱም ነጻ ናቸው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ምናልባት እሳቸውም በደብዳቤ ተቃጥለው ይሆናል የጻፉት። ጽሑፉ ግን አሁንም እየዞረ ነው። በሌላው ባንስማማም፣ የካሹንና የወንድሙን ስም አንቀጽ እንዲያወጡት እለምናለሁ። ያንን አንብቦ የሚሠራ ሰው ደብዳቤ ሲመጣበት የሚያሳየው የደሞዝ ወረቀት አይኖረውም።